በመጸው ወራት ሥዕልና ፊልም የት እንይ? የአዲስ አበባ አማራጮች ሲነጻጸሩ

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ የአዲስ አበባ የጥበብ ቤቶች ከክረምት ዕረፍታቸው ይመለሳሉ። ዩኒቨርሲቲው ይከፈታል። የውጭ አገር የባህል ማዕከላት የወሩን መርሐ ግብር ያወጣሉ። ጋለሪዎች ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሠዓሊ ሥራ ይሰቅላሉ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው መጸው ለኤግዚቢሽንና ለፊልም ከዓመቱ ምርጡ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ዝናብ የለም፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰውም ከቤት ለመውጣት ጓጉቷል።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው። በአንድ ሐሙስ ምሽት ፒያሳ ፊልም፣ ቦሌ የኤግዚቢሽን መክፈቻ፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ ውይይት ይደራረባል። ብዙ ሰው በቴሌግራም የደረሰውን ፖስተር አይቶ ይወስናል። ፖስተሩ ግን ፊልሙ በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ልጅ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ «ምን አለ?» ከማለታችን በፊት «ከማን ጋር ነው የምሄደው? እንዴትስ እመለሳለሁ?» ማለት ይሻላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መመዘኛዎቹ

ቋንቋውን አስቀድማችሁ አጣሩ። በባህል ማዕከላት የሚታየው ፊልም በአብዛኛው በማዕከሉ አገር ቋንቋ ነው፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጥበታል። የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ፊልም ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። እንግሊዝኛ በፍጥነት የማታነብ እናታችሁን ወይም ታናሽ ወንድማችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምስል ብቻ ሲያዩ ይቀመጣሉ። ፊልሙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለእነሱ ያ ምሽት የባከነ ነው። ለእነሱ የሚሆነው ኤግዚቢሽን ነው፤ ሥዕል ለማየት ቋንቋ አይጠየቅም።

ቀጥሎ መመለሻ። ምሽት 12፡30 ይጀምራል የተባለ ፊልም ከመግቢያ ንግግሩና ከውይይቱ ጋር 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ይሳሳል፤ እንደ ራይድ ወይም ፈረስ ያለ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ግድ ይሆናል። መግቢያው ነፃ የሆነ ፊልም በመመለሻው ኪስ ሊጎዳ ይችላል። በጀት ስትይዙ የቲኬቱን ብቻ ሳይሆን የደርሶ መልሱን ደምሩ። ከጓደኛ ጋር አንድ መኪና መጋራት ከተቻለ ሒሳቡ ይቀየራል።

ሦስተኛው ነገር ዝግጅቱ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። ለእኔ ትልቁ መለያ ይህ ነው። የባህል ማዕከል ፊልም አንድ ምሽት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይታያል። ኤግዚቢሽን ግን ሳምንታት ይቆያል። ሁለቱ በአንድ ምሽት ከተጋጩ ፊልሙን ምረጡ፤ ሥዕሉ ከሰኞ በኋላም ግድግዳው ላይ ነው። ሠዓሊውን ማነጋገር የምትፈልጉ ከሆነ ብቻ ነው የመክፈቻ ምሽቱ የሚቀድመው።

ሰዓትና ቀንም ሰው ያሳስታሉ። የባህል ማዕከላት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያስተዋውቁት። 18፡30 ማለት ምሽት 12፡30 ነው። ኦክቶበር 20 በአብዛኞቹ ዓመታት ጥቅምት 10 ላይ ይውላል። የግል ጋለሪዎች ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ፖስተሩ ላይ «6፡00» ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ቀትር ይሁን ምሽት በግምት አይታወቅም።

የመጨረሻው ልጆችና አረጋውያን ናቸው። ደረጃ፣ መቀመጫ፣ መጸዳጃ፣ ልጅ ድምፅ ቢያሰማ የሚቆጣ ሰው መኖር አለመኖሩ ተራ ነገር ይመስላል። ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የምሽቱን ዕጣ የሚወስነው ይህ ነው።

የስድስት ኪሎ መስመር፦ ሙዚየሞቹ

ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ በእግር የሚደረስባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። በገንዘብ ረገድ ከሁሉም የሚቀለው ይህ መስመር ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ወርዶ ድንቅነሽን አይቶ ይወጣል። ፎቅ ላይ ግን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ሥዕል አለ፤ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ጨምሮ። ስለ ሥዕላችን ታሪክ ምንም ለማያውቅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የሚጎድለው ማብራሪያው ነው፤ ከሥዕሎቹ ጎን ያለው ጽሑፍ አጭር ነው። ጠያቂ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ስለ ሠዓሊዎቹ ትንሽ አንብባችሁ ሂዱ።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና መስቀሎች ስብስብ አለው። ዘመናዊውን ሥዕል ከማየታችሁ በፊት ይህን ብታዩ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ትልልቆቹ ዓይኖች፣ ወፍራሙ ጥቁር መስመር፣ ቀይና ቢጫው ከየት እንደመጡ እዚያ ይታያል። የግቢው በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ አትርሱ።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ከሦስቱ ለመጸው ወቅት የበለጠ የሚሆነው ነው፤ ከቋሚው ስብስብ ሌላ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽኖችን ያስተናግዳል። በስሙ የተጠራለት ሰው በሐረር ተወልዶ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕልን ለኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን ብዙ ተማሪዎችን አስተምሯል። ያረፈው በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት በአሜሪካ ነው። እዚህ ቦታ ሰው አይጋፋም። ቀለሙ ሸራው ላይ የት እንደወፈረ፣ ብሩሹ የት እንደቆመ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሥዕል ብቻውን ቆሞ ማየት ለሚወድ ሰው ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የመስመሩ ድክመት ሰዓቱ ነው። ሙዚየሞች የሚከፈቱት በአብዛኛው በሥራ ሰዓት ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከቢሮ የሚወጣ ሰው በሳምንቱ ቀናት አይደርስባቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል፤ ግን የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች የሚጠየቀው የመግቢያ ዋጋ እንደሚለያይ አስቀድማችሁ ንገሩት።

በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተማሪዎች የምረቃ ኤግዚቢሽን ለማየት የምትጓጉ ካላችሁ መጸው ጊዜው አይደለም። እሱ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ፣ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም ከተከፈተ ጀምሮ የአገሪቱ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ብዙዎቹ የወጡበት ነውና ለሰኔ ማስታወሻ ያዙ።

የውጭ አገር የባህል ማዕከላት

በዚህ ወቅት ፊልም የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚያየው የእነዚህን መርሐ ግብር ነው። የፈረንሳዩ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በ1907 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ አለ። የጣሊያን የባህል ተቋምም በፊልምና በሙዚቃ ይታወቃል።

ጥንካሬያቸው ግልጽ ነው። ንግድ ሲኒማ ቤት የማያመጣውን ፊልም ያመጣሉ። ዘጋቢ ፊልም፣ አጭር ፊልም፣ የአፍሪካ ዳይሬክተሮች ሥራ፣ አንዳንዴም የእኛው ወጣቶች የመጀመሪያ ፊልም እዚህ ይታያል። መግቢያው ብዙ ጊዜ ነፃ ወይም ቀላል ነው። ከፊልሙ በኋላ ውይይት አለ። ያ ውይይት አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣል፤ ከኋላ ወንበር ተነስታ ዳይሬክተሩን «ይሄን ለምን እንዲህ ጨረስከው?» ብላ የምታፋጥጥ ተማሪ አትጠፋም።

ድክመታቸውንም ልናገር። ቋንቋውን ከላይ ብያለሁ። ሌላው አዳራሹ ነው። አንዳንዶቹ አዳራሾች ለኮንሰርትም ለስብሰባም የሚያገለግሉ ስለሆኑ ወለላቸው ጠፍጣፋ ነው። ፊት የተቀመጠው ሰው ራስ የሸራውን ታችኛ ክፍል ይጋርዳል፤ ጽሑፉ የሚሮጠው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ሄዳችሁ በመተላለፊያው ጠርዝ ያለ ወንበር ያዙ። የሚቀመጡበት መተላለፊያ ዳር ከሆነ አንገትን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ማንበብ ይቻላል። በተጨማሪ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለለት ብርድ አዳራሽ ውስጥም ይገባልና ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ።

ኤግዚቢሽንም ያሳያሉ። ጥራቱ ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ግድግዳቸው ጠባብ ነው፣ ብርሃኑም ሁሌ ለሥዕል አይመችም። እኔ የምመክረው ለፊልም ሄዳችሁ ኤግዚቢሽኑን እግረ መንገዳችሁን እንድታዩ ነው።

የግል ጋለሪዎች

እዚህ የሚታየው የአሁኑ ሥራ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ ዘንድሮ የሣሉ ሠዓሊዎች። መግቢያ አይከፈልም። ብዙ ሰው ግን «ካልገዛሁ ምን ብዬ እገባለሁ?» ብሎ ይሳቀቃል። መሳቀቅ አያስፈልግም። ጋለሪ ተመልካችም ይፈልጋል፤ ገብቶ አይቶ፣ አመስግኖ መውጣት ነውር የለውም።

አንዳንዶቹ ጋለሪዎች ከአገር አልፈዋል። አዲስ ፋይን አርት ለምሳሌ በአዲስ አበባ ጀምሮ ለንደንም ማሳያ ከፍቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው የቬኒስ ቢያናሌ የሥነ ጥበብ ትርኢት የራሷን ማሳያ (ፓቪሊዮን) ይዛ በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ስትቀርብ የውጭው ዓለም ዓይን ይበልጥ ወደዚህ ዞሯል። ይህ ለሠዓሊዎቹ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ለተመልካቾች ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፤ ጥሩው ሥራ ተሽጦ ባሕር ከመሻገሩ በፊት የምናይበት ጊዜ አጭር ነው። ኤግዚቢሽን ከተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ማየት ይሻላል። ያኔ ግርግሩ አልፏል፣ ሥራዎቹም ገና አልተነሱም።

ከሥዕሉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ዓመቱ፣ መጠኑና የተሠራበት ነገር አለባት፦ «አክሪሊክ በሸራ ላይ» ወይም «ቅይጥ» ይላል። ጥግ ላይ ቀይ ተለጣፊ ካለ ተሽጧል ማለት ነው። ዋጋ በወረቀቷ ላይ ከሌለ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ መጠየቅ መግዛት አይደለም። ለመግዛት ካሰባችሁ ሠዓሊው የፈረመበት ማረጋገጫ ተቀበሉ። ከአገር ይዞ ለሚወጣ ሰው ደግሞ የመውጫ ፈቃዱን ወረቀት ጋለሪው እንዲጨርስለት አስቀድሞ መነጋገሩ ይበጃል። ኤርፖርት ላይ መከራከር ማንንም አይጠቅምም።

የመክፈቻ ምሽት ለመተዋወቅ ነው። ሠዓሊው አለ፣ ጓደኞቹ አሉ፣ መጠጥና መክሰስ ይቀርባል። ሥዕሉን ለማየት ግን ከጀርባዎች መሀል መሹለክ ያስፈልጋል። ሥዕሉን የምር ለማየት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት፣ የቀን ብርሃን ሳይጠፋ ሂዱ።

ዞማ ሙዚየም

መካኒሳ ያለው ዞማ በዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው የሚቆም ነው። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተገነቡ ናቸው፤ አባቶቻችን ያውቁት የነበረው አሠራር ነው። ግድግዳው ራሱ ተቀርጿል። በእጃችሁ ሳትነኩ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት መስመሮቹ እንደ ውኃ ሞገድ ግድግዳውን ዞረው ወደ በሩ ይመጣሉ፤ ጭዱ በጭቃው ውስጥ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጥላው ጥልቅ ይሆናል።

ኤልያስ የሚሠራው በተጣለ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ቁልፍ፣ ብዙው ከመርካቶ የሚገኝ። ከሩቅ የእርሻ ማሳ ከአየር ላይ የታየ ይመስላል። ሲቀርቡት አንዱ ሽቦ በሌላው ላይ እየተጎነጎነ፣ ቀለሙ እየተመረጠ በእንጨት ላይ መቸንከሩ ይታያል። ለልጅ ይህን ማሳየት ብዙ ንግግር አይፈልግም፤ ልጁ ራሱ «ይሄ ሽቦ ነው!» ይላል።

ለቤተሰብ ከሁሉም የምመርጠው ዞማን ነው። የአትክልት ቦታ አለ፣ ልጅ ይሮጣል፣ አረጋዊ ይቀመጣል፣ በቀን ስለሆነ መመለሻው አያሳስብም። መግቢያው ይከፈላል፤ ለአምስት ሰው ሲሆን ይሰማል። ከመሀል ከተማ ራቅ ይላል፣ የመጨረሻው መንገድም ለማያውቀው ያደናግራል። ሹፌሩን በካርታ ምሩት። በፊልም ረገድ ግን ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ንግድ ሲኒማ ቤቶችና ፌስቲቫሎች

እነዚህን በአጭሩ ልለፍ። ንግድ ሲኒማ ቤት ስትሄዱ ምን እንደምታገኙ ታውቃላችሁ፦ የአማርኛ ፊልም ወይም ሰሞነኛ የውጭ ፊልም፣ ለስለስ ያለ ወንበር፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሰዓት። የአማርኛ ፊልም ለሚፈልግ፣ ሰዓት መምረጥ ለሚፈልግ የተሻለው ይህ ነው። ውይይት የለም፣ ያልተለመደ ነገርም አይጠበቅም።

ፌስቲቫል ሲኖር ነገሩ ሌላ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሥራ ይታያል። ፎቶግራፍ ለሚወድ በአይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አዲስ ፎቶ ፌስት በመጸው ወራት ሲካሄድ የቆየ ነው፤ የዘንድሮውን ከአዘጋጆቹ አጣሩ። ፌስቲቫል ላይ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በቀን ሁለት ፊልም ይበቃል፤ በመሀሉ ቡና ጠጥቶ ያዩትን ማውራት ይሻላል።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| አማራጭ | የሚታየው | ወጪ | ቋንቋ | ሰዓትና መመለሻ | ልጆች |
|---|---|---|---|---|---|
| የስድስት ኪሎ ሙዚየሞች | ቋሚ ስብስብ፣ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን | ዝቅተኛ | አያስቸግርም | ቀን፣ ቀላል | ደህና |
| የባህል ማዕከላት | ፊልም፣ ውይይት፣ ትንንሽ ኤግዚቢሽን | ነፃ ወይም ዝቅተኛ፤ መመለሻው ይከብዳል | እንግሊዝኛ ማንበብ ይጠይቃል | ምሽት፣ አስቸጋሪ | አይመከርም |
| የግል ጋለሪዎች | አዲስ ሥዕልና ፎቶ | ነፃ | አያስቸግርም | ቀን፤ መክፈቻው ምሽት | ለጥቂት ደቂቃ |
| ዞማ | ሥዕል፣ ሕንፃ፣ አትክልት | መካከለኛ | አያስቸግርም | ቀን፣ ራቅ ይላል | በጣም ጥሩ |
| ንግድ ሲኒማ | የአማርኛና ሰሞነኛ ፊልም | መካከለኛ | አማርኛ ይገኛል | የሚመረጥ | እንደ ፊልሙ |

ለማን የትኛው?

ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ከሳሳ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልና የባህል ማዕከላት ፊልም ይበቃችኋል። ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ በዚያው አቅጣጫ ከሚሄዱ ሁለት ሦስት ጓደኞች ጋር ውጡ።

ቤተሰብ ላለው ሰው ቅዳሜ ዞማ፣ ሌላ ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም። ሁለቱን በአንድ ቀን አትደርቡ፤ ልጅ ይሰለቻል፣ መንገዱም ይጨርሳችኋል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለጥቂት ሳምንት የመጣ ዘመድ ካላችሁ በጋለሪ ጀምሩ። የሚያውቃት አዲስ አበባ ከእሱ ጋር አብራ አልቆመችም፤ ዛሬ የሚሣለውን ሲያይ ከከተማው ጋር እንደገና ይተዋወቃል። እናትና አባት ግን ስድስት ኪሎ ያለውን የጥንት ሥዕል ይመርጣሉ። በወጣትነታቸው ያለፉበት መንገድ ነው፤ የሚያወሩት አያጡም።

ፊልም የሚሠራ ወይም ሊሠራ የሚያስብ ወጣት ሌላውን ትቶ የባህል ማዕከላቱን ምሽቶች ይከተል። ካሜራ የያዘ ሰው፣ ድምፅ የሚቀዳ ሰው፣ ፊልም የሚቆርጥ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ከፊልሙ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ለእሱ ከፊልሙ እኩል ናት።

ጥቂት የቀን ነገሮች ደግሞ አሉ። በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ እሑድ የታላቁ ሩጫ ቀን ነው፤ ጠዋት መንገዶች ይዘጋሉ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ለመክፈቻ ምሽት ሰው የምትጋብዙ ከሆነ የጾም መክሰስ አዘጋጁ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የባህል ማዕከላቱ ለፈረንጆቹ ገና መዝጋት ይጀምራሉ። ስለዚህ ፊልም የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ የኅዳሩን መርሐ ግብር ጥቅምት ሳያልቅ ተከታተሉ።